አዲሱ የህፃናት ሆስፒታል ሊከፈት 5 ቀን ሲቀረው ለምን ቆመ?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ በሽታ ወይም ስለ መድሃኒት አይደለም፣ ስለ አንድ ህንፃ ነው። «ዶክተር፣ ህንፃ ደግሞ አንተን ምን አገባህ?» እንዳትሉኝ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቡትና ራሳችሁ ፍረዱ። ረዘም ይላል፣ ግን ልጅ ላለው ሰው ይጠቅማል።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁላይ 2019፣ ቦታው የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤዲንብራ ነው። ከተማዋ 150 ሚሊዮን ፓውንድ የወጣበት አዲስ የህፃናት ሆስፒታል ገንብታ ጨርሳለች። ከአሮጌው ሆስፒታል ወደ አዲሱ መዛወር የሚጀመረው ጁላይ 9 ነው። ዕቃ በካርቶን እየታሸገ ነው። ሰራተኛው አዲሱን ህንፃ እየተለማመደ ነው። ቀጠሮ ያላቸው ወላጆች «ወደ አዲሱ ኑ» ተብለዋል።

ጁላይ 4 ላይ የስኮትላንድ የጤና ሚኒስትር ጂን ፍሪማን አንድ ውሳኔ አሳወቁ። ዝውውሩ ቆሟል።

አምስት ቀን ሲቀረው!

ምን ተፈጠረ? ህንፃው አልተሰነጠቀም፣ እሳትም አልተነሳም። የመጨረሻው ፍተሻ ላይ በፅኑ ህሙማን ክፍል (አይሲዩ) ውስጥ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ተገኘ። በሰዓት 10 መሆን የነበረበት ቁጥር 4 ነበር። በቃ፣ ይሄው ነው።

ያ ቁጥር ምንድነው? ለምንስ አንድ ሙሉ ሆስፒታል አስቆመ? እኛንስ ምን ያስተምረናል? አንድ በአንድ እንየው 👇

🏥 አሮጌው ሆስፒታልም የተወለደው ከበሽታ ነው

ኤዲንብራ ለህፃናት ብቻ የሚሆን ሆስፒታል የከፈተችው በ1860 ነው። ሆስፒታሉ ከጊዜ በኋላ ሰፋ ወዳለ ቤት ተዛወረ። በ1890 ግን ሆስፒታሉ ውስጥ ታይፎይድ ገባ። ታይፎይድ እኛም አገር በደንብ የምናውቀው፣ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ለመዳን የመጡ ልጆች እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ለሌላ በሽታ ተጋለጡ ማለት ነው። ስለዚህ ህፃናቱ በጊዜያዊነት ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ፣ አዲስ ህንፃም ታሰበ። ሺንስ በሚባለው ሰፈር የተሰራው ህንፃ በ1895 ተከፈተ።

የከተማው ሰው «ሲክ ኪድስ» እያለ በፍቅር የሚጠራው ሆስፒታል ይሄ ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ አገልግሏል። ያማረ የድንጋይ ህንፃ ነው። ሞተው ለሚሸኙ ህፃናት የተዘጋጀች፣ ግድግዳዋ በስዕል የተሸፈነ ትንሽ የፀሎት ክፍል እንኳን ነበረችው። ሰው የሚወደው ህንፃ ነው በአጭሩ።

ግን ፍቅር ብቻውን ሆስፒታል አያደርግም። በ1895 ኤምአርአይ የለም፣ አይሲዩ የሚባል ነገር የለም፣ የመተንፈሻ ማሽን የለም። የዛሬ ህክምና ግዙፍ ማሽን፣ ብዙ ኤሌክትሪክ፣ ሰፊ ሊፍት፣ በቧንቧ የሚመጣ ኦክስጅን ይፈልጋል። ጠባብ ኮሪደር ያለው አሮጌ ህንፃ ውስጥ ይሄን ሁሉ መጨመር ድሮ በጭቃ በተሰራ ቤት ላይ ፎቅ እንደመቀጠል ነው። የሆነ ጊዜ ላይ «እናድሰው» የሚለው ሃሳብ ያበቃና «እንዛወር» የሚለው ይመጣል።

📍 ለምን እዚያ ቦታ?

ለአዲሱ ሆስፒታል የተመረጠው ከከተማዋ ደቡብ ምስራቅ ያለው ሊትል ፍራንስ የሚባል ቦታ ነው። ምርጫው በዘፈቀደ አልነበረም። ትልቁ የአዋቂዎች ሆስፒታል፣ ሮያል ኢንፈርመሪ፣ በ2003 ወደዚያው ተዛውሯል። የማዋለጃ ማዕከሉም እዚያው ነው። ከህፃናቱ ጋር አብሮ የሚገባው ደግሞ የአንጎልና የነርቭ ህክምና ክፍሉ ነው።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ህፃን ተወለደ እንበል። አንጀቱ አንድ ቦታ ላይ የተዘጋ ነው፣ በሰዓታት ውስጥ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል። እናቱ ደግሞ የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው፣ ከአልጋ መነሳት አትችልም። የህፃናት ሆስፒታሉ ሌላ ሰፈር ከሆነ ምን ይሆናል? ልጁ በአምቡላንስ ይሄዳል፣ እናት እዚያው ትቀራለች። አባት ደግሞ በሁለቱ መሃል ሲሮጥ ይውላል። ጡት የለም፣ ማቀፍ የለም፣ «እንዴት ሆነ?» ለማለት ስልክ ብቻ።

ሁለቱ ሆስፒታሎች በአንድ ግቢ ሲሆኑ ልጁ በኮሪደር ነው የሚሄደው። እናቱም በዊልቸር ትከተለዋለች። ለዚህ ነው በብዙ አገር የህፃናት ሆስፒታልን ከማዋለጃና ከአዋቂዎች ሆስፒታል አጠገብ መስራት የሚመረጠው። የአዋቂዎቹ ሆስፒታል መቅረብ ለእናትየውም ይጠቅማል። ከወሊድ በኋላ ደም ቢፈሳት ወይም ልቧ ቢቸገር የአዋቂ አይሲዩ እዚያው አለ።

💨 እንግዲህ ወደዚያች ቁጥር

አሁን ዋናውን ነገር ላስረዳችሁ። ሆስፒታል ውስጥ «በሰዓት የአየር ቅያሪ» የሚባል መለኪያ አለ። ምን ማለት መሰላችሁ? በአንድ ሰዓት ውስጥ የክፍሉን ያህል መጠን ያለው ንፁህ አየር ስንት ጊዜ ይገባል ማለት ነው። ቁጥሩ 4 ከሆነ በየ15 ደቂቃው የአንድ ክፍል ሙሉ ንፁህ አየር ይገባል። 10 ከሆነ ደግሞ በየ6 ደቂቃው።

«እና 4 ጊዜም ጥሩ ነው እኮ» ልትሉ ትችላላችሁ። ለሳሎን ቤት አዎ! ለአይሲዩ ግን አይበቃም። ምክንያቱም አዲሱ አየር ሲገባ አሮጌው ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ ይቀላቀላል። ቡና ውስጥ ውሃ እንደመጨመር አስቡት። አንዴ ብትጨምሩ ይቀጥናል እንጂ ቡናነቱ አይጠፋም፣ ደጋግማችሁ መጨመር አለባችሁ። አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ሳለና አየር ላይ የሚንሳፈፍ ጀርም ቀረ እንበል። ከዚያ ጀርም 99 በመቶው እስኪወገድ ድረስ፦

👉 በሰዓት 4 ቅያሪ ባለው ክፍል 69 ደቂቃ ያህል ይፈጃል
👉 በሰዓት 10 ቅያሪ ባለው ክፍል 28 ደቂቃ ያህል ይፈጃል

ልዩነቱን አያችሁት? አርባ ደቂቃ የሚሆን ጊዜ። በእነዚህ አርባ ደቂቃዎች ውስጥ ስንት ነርስ ትገባለች፣ ስንት ህፃን ይተነፍሳል?

የስኮትላንድ መመሪያ ለፅኑ ህሙማን ክፍል የሚያዘው 10 ቅያሪ ነው። በተጨማሪም የክፍሉ የአየር ግፊት ከኮሪደሩ ትንሽ ከፍ እንዲል ያዛል። ይሄስ ለምን? በሩ ሲከፈት አየር ከክፍሉ ወደ ውጪ እንዲወጣ እንጂ የኮሪደሩ ቆሻሻ አየር ወደታመመው ልጅ እንዳይገባ ነው። ተላላፊ በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ ግልባጩ ነው የሚደረገው። የእሱ አየር ወደ ኮሪደር እንዳይወጣ ግፊቱ ዝቅ ይላል።

👶 ህፃናት ላይ ለምን ይከብዳል?

የጨቅላ ህፃን የአየር ቧንቧ በጣም ጠባብ ነው። እኛን ለሁለት ቀን አፍንጫችንን ብቻ የሚያስቸግረን ጉንፋን እሱን ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል። የበሽታ መከላከያ አቅሙም ገና እየተማረ ነው። ላይ የካንሰር ህክምና (ኬሞ) ከተጨመረ መከላከያው ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ያኔ ሌላ ጊዜ ሁላችንም ምንም ሳንሆን የምንተነፍሰው ነገር፣ ለምሳሌ አስፐርጂለስ የሚባለው የሻጋታ ዘር፣ የልጁን ሳንባ ሊያጠቃ ይችላል። ይሄ ሻጋታ አቧራ ውስጥ ይኖራል፣ ግንባታ ሲኖር ደግሞ አየር ላይ ይበዛል።

ስለዚህ ለአይሲዩ ህፃን አየር ራሱ መድሃኒት ነው፣ ዶዝ አለው። 10 ታዞ 4 ከተሰጠ ከግማሽ በታች ዶዝ ተሰጠ ማለት ነው።

📄 ስህተቱ ከየት መጣ?

እኔን በጣም ያስደነገጠኝ ይሄኛው ክፍል ነው።

ከዝውውሩ መቆም በኋላ ነፃ ምርመራ ተደረገ። ስህተቱ ወደ ኋላ ሲቆጠር ሲቆጠር የት ደረሰ? በ2012 ለጨረታ በተዘጋጀ አንድ ሰንጠረዥ ላይ። እያንዳንዱ ክፍል ስንት የአየር ቅያሪ፣ ስንት ሙቀት፣ ምን ያህል ግፊት ይኑረው የሚል ረጅም ዝርዝር ነው። እዚያ ውስጥ ለፅኑ ህሙማን ክፍሎች የተቀመጠው ቁጥር 4 ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? ማንም አላስተዋለውም። በ2015 ውል ተፈረመ። ግንባታው ቀጠለ። ቧንቧው፣ ማራገቢያው፣ ጣሪያው ሁሉ በዚያ ቁጥር ተሰራ። በፌብሩዋሪ 2019 ህንፃው «ተጠናቋል» ተብሎ ርክክብ ተደረገ። ምርመራው እንዳለው ስህተቱን ለመያዝ የሚያስችሉ አጋጣሚዎች በመሃል ነበሩ፣ ግን አመለጡ። በመጨረሻ የያዘው መለኪያ ይዞ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ አየሩን የለካው ገለልተኛ ባለሙያ ነው።

ይሄ ለእኛ ለሃኪሞች እንግዳ አይደለም። ካርድ ላይ አንድ ነጥብ ያለቦታው ትገባለች፣ 1.0 የነበረው 10 ይሆናል። ተረኛው ካርዱን አምኖ ይገለብጠዋል፣ ቀጣዩም ይገለብጠዋል። ሶስተኛው ሰው «ቆይ፣ ይሄ ልጅ እኮ 6 ኪሎ ነው!» እስኪል ድረስ ማለት ነው። ሁሉም የቀደመውን ሰው ሲያምን ስህተት ቤተኛ ይሆናል። ወላጆች፣ ለዚህ ነው ነርሷ መድሃኒት ልትሰጥ ስትመጣ የልጁን ስምና ክብደት ደግማ ብትጠይቃችሁ የማይከፋችሁ። እሺ?

💷 ማቆሙ ምን አስከፈለ?

ብዙ። ሆስፒታሉ የተሰራው በረጅም ጊዜ ክፍያ ውል ስለነበር ባዶ ሆኖም ክፍያው አልቆመም። በወር 1.4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው፣ ያለ አንድ በሽተኛ! ማስተካከያው ደግሞ 16 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ጠየቀ። ህዝቡ ተቆጣ፣ ፖለቲከኛው ተጨቃጨቀ፣ በዳኛ የሚመራ የህዝብ አጣሪ ተቋቋመ። ልጆቹና ሰራተኞቹ በአሮጌው ህንፃ ውስጥ ቆዩ። ያንን ድካም አስቡት። ሻንጣህን አስረህ፣ ጎረቤት ተሰናብተህ፣ ደጅ ላይ ቆመህ «ቆይ፣ አልተቻለም» ስትባል።

የህፃናት ሆስፒታሉ ሙሉ በሙሉ የተዛወረው በማርች 2021 ነው። ዓመት ከስምንት ወር በኋላ ማለት ነው። ያውም በመሃል ኮቪድ መጥቶ መላው ዓለም ስለ አየር ሲያወራ ከርሞ።

ታዲያ ማቆሙ ልክ ነበር? እንደ ሃኪም የእኔ ሃሳብ፦ አዎ። ገንዘቡ ያሳዝናል። ግን አየሩ የሚስተካከለው ጣሪያ ተከፍቶ፣ አቧራ ተነስቶ ነው። ልጆቹ ገብተው ቢሆን ኖሮ ያ ስራ ሁሉ የሚሰራው መተንፈሻ ማሽን ላይ ባሉ ህፃናት አናት ላይ ነበር፣ አለዚያም ክፍሉን ዘግቶ እነሱን እንደገና ማጓጓዝ ሊያስፈልግ ነው።

ይሄ ፍርሃት ባዶ አልነበረም። እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ፣ በግላስጎ በ2015 በተከፈተ ትልቅ ግቢ ውስጥ፣ የካንሰር ህሙማን ህፃናት የሚተኙባቸው ክፍሎች በሴፕቴምበር 2018 ተዘግተዋል። ከውሃ መስመሩ ጋር በተያያዘ የኢንፌክሽን ስጋት ምክንያት ልጆቹ ወደ አዋቂዎቹ ሆስፒታል ተዛወሩ። ክፍሎቹ ተመልሰው የተከፈቱት በ2022 ነው። አዲስ ህንፃ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ግን ቧንቧ ውስጥ ያለውን በዓይን አታዩትም። ውሃ በቧንቧ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ሲቆም ጀርሞች በቧንቧው ግድግዳ ላይ እንደ ሙጫ ተጣብቀው ይራባሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ምንም አያመጡም፣ የኬሞ ህፃን ላይ ግን ደም ውስጥ ይገባሉ።

🇮🇪 ሌላኛው ፈተና፦ ደብሊን

ኤዲንብራ የተቸገረችው መጨረሻው ላይ ነው። አየርላንድ ደግሞ ከመጀመሪያው ነው የተቸገረችው።

ደብሊን ውስጥ ሶስት የህፃናት ሆስፒታሎች ነበሩ። በ2006 «ሶስቱ አንድ ይሁኑ» ተባለ። ሃሳቡ ትክክል ነው። ከባድና ብርቅ የሆነ በሽታ ያለባቸው ልጆች ቁጥራቸው ትንሽ ነው። የልብ ኦፕራሲዮን የሚሰራ ቡድን በሶስት ቦታ ከሚበታተን በአንድ ቦታ ብዙ ልጆች እያከመ እጁን ቢያፍታታ ይሻላል። ግን «የት?» የሚለው ጥያቄ መጣ። መጀመሪያ የተመረጠው ቦታ ላይ ሊሰራ የታሰበው ህንፃ ለከተማዋ ገፅታ በጣም ትልቅ ነው ተብሎ በ2012 የግንባታ ፈቃድ ተከለከለ። ስድስት ዓመት ሄደ! በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌላ ቦታ ተመረጠ፣ ከአንድ ትልቅ የአዋቂዎች ሆስፒታል ግቢ ውስጥ። ፈቃዱ የተገኘው በ2016 ነው።

እዚህም ክርክሩ አልበረደም። ብዙ ወላጆች «መሃል ከተማ ነው፣ መንገዱ ይጨናነቃል፣ መኪና ማቆሚያ አይበቃም፣ ከገጠር የታመመ ልጅ ይዘን እንዴት እንደርሳለን?» አሉ። ዳር ላይ ሰፊ ቦታ ይሻላል የሚሉ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ «ከአዋቂዎች ሆስፒታልና ከባለሙያ አትራቁ» አሉ። ሁለቱም ወገን የሚያወራው ስለ ልጆች ነው፣ ሁለቱም እውነት አለው።

ከዚያ ዋጋው መጣ። በ2017 የተገመተው 983 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። በ2018 መጨረሻ 1.43 ቢሊዮን ሆነ። በ2024 ደግሞ 2.24 ቢሊዮን ዩሮ ተባለ። የመክፈቻው ቀንም ደጋግሞ ተገፋ።

ደብሊን ያሰበችው አንድ ነገር ግን ልቤን ነክቶታል። ለተኝተው ታካሚ ህፃናት የተዘጋጁት 380 ክፍሎች እያንዳንዳቸው ለአንድ ልጅ ብቻ ናቸው። ሽንት ቤታቸው የራሳቸው ነው፣ ለወላጅም ማደሪያ አልጋ አለ። ይሄ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። አንድ ክፍል ለአንድ ልጅ ሲሆን ተቅማጥና ጉንፋን ከአልጋ አልጋ አይዘልም። እናት አጠገቡ የምታድር ልጅ ደግሞ ይረጋጋል፣ ይጠባል፣ ይበላል።

የእኛን አገር አስታማሚ አስቡት። ወለል ላይ ካርቶን አንጥፋ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከአልጋው ስር የምታድረውን እናት። እሷ የህክምናው አካል ናት። ልጁ ሌሊት ሲያቃስት መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት። ሆስፒታል ሲታቀድ የእሷ መኝታ ፕላኑ ላይ ከሌለ፣ ህንፃው ጎደሎ ነው።

📝 የህፃናት ሆስፒታል ሲታቀድ ወይም ሲዛወር ምን ይጠየቅ?

ከሁለቱ ታሪኮች ያወጣኋቸው ናቸው። በአስተዳደር ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ክሊኒክ የምትከፍቱ ባልደረቦቼ፣ እናንተም ወላጆች ያዙልኝ፦

✅ ማዋለጃው ስንት ደቂቃ ይርቃል? በካርታ አትለኩት፣ ከሰዓት በኋላ በ11 ሰዓት ባለው የመኪና መጨናነቅ ለኩት።

✅ ነርሶቹና የፅዳት ሰራተኞቹ ተጠይቀዋል? ፕላን ላይ የሚያምር ክፍል አልጋ በበሩ የማይወጣበት ሊሆን ይችላል። ይሄን የሚያውቀው አልጋውን የሚገፋው ሰው ነው።

✅ ልጆቹስ ተጠይቀዋል? በሊቨርፑል በ2015 የተከፈተው አልደር ሄይ የህፃናት ሆስፒታል በፓርክ ውስጥ ሲሰራ የልጆችና የወጣቶች ሃሳብ ተካቷል። ልጅ መስኮቱ ከአልጋው ላይ ሆኖ ውጪ እንዲያሳየው ይፈልጋል። ይሄን መሃንዲስ ላያስበው ይችላል።

✅ አየሩንና ውሃውን ማን ለካው? የሰራው ሰው ራሱ ከሆነ አይበቃም፣ ሌላ ሰው ይለካ። ከርክክብ በፊት፣ ባዶ ሆኖ እያለ።

✅ በዝውውሩ ቀን ድንገተኛ ክፍሉ የት ነው? አሮጌው ተዘግቶ አዲሱ ሳይከፈት የሚቀር አንድ ሰዓት እንኳን መኖር የለበትም። የድንገተኛ ልጅ ሪባን እስኪቆረጥ አይጠብቅም።

✅ «አልደረሰም» ለማለት ስልጣን ያለው ማነው? ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። የመክፈቻው ቀን ተነግሯል፣ ጥሪ ተበትኗል፣ ሁሉም ይቸኩላል። በዚያ ሰዓት «ቆይ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። እሱንም የሚሰማው።

🏠 እኛስ ቤታችን?

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። 10 ቅያሪ፣ ግፊት፣ መለኪያ ባይኖረንም መስኮት አለን። ችግሩ አንከፍተውም!

ታክሲ ውስጥ ነው እንበል። 12 ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል። አንዱ ያስላል። ሌላው መስኮት ትንሽ ከፈት ሲያደርግ ከኋላ «ኧረ ዝጋው፣ ንፋስ ይመታኛል!» ይባላል። ህፃናት ክፍል ተረኛ ሆኜ ሳድርም ይሄው ነው የሚገጥመኝ። መስኮት እከፍታለሁ፣ ዞር ስል ተዘግቷል። እናቶቹ ክፋት ኖሯቸው አይደለም፣ ለልጃቸው ብርድ ፈርተው ነው።

እውነቱ ይሄ ነው። የሳንባ ምች የሚያመጣው ጀርም ነው፣ ንፋሱ ራሱ አይደለም። በተዘጋ ቤት፣ ከታመመ ሰው ጋር፣ ያንኑ አየር ደጋግሞ መተንፈስ ነው አደገኛው። ልጁን አልብሱት፣ ኮፍያ አድርጉለት፣ መስኮቱ ፊት ለፊት አታስተኙት፣ ግን መስኮቱን ክፈቱ።

👉 ጠዋትና ከሰዓት መስኮትና በር በአንድ ላይ ከፈት አድርጉ። አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ነው የሚቀየረው።

👉 ከሰል አጭሳችሁ በር ዘግታችሁ በፍፁም አትተኙ። ጭሱ ቢጠፋም የማይታይ፣ የማይሸት ጋዝ ይቀራል፣ ይገድላል።

👉 ከቤታችሁ አጠገብ ግንባታ ወይም ማፍረስ ካለና ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ፣ አቧራው በሚነሳበት ሰዓት በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ። በሌላው በኩል ክፈቱ። ለሚያክመው ሃኪምም ንገሩት።

👉 ጥየቃ ደስ የሚል ባህላችን ነው። ግን ጨቅላ ህፃን ወይም አይሲዩ የተኛ ልጅ ለመጠየቅ አስር ሆናችሁ አትሂዱ። ጉንፋን ከያዛችሁ ደግሞ ስልክ ደውሉ፣ ይበቃል። ስትገቡ እጃችሁን ታጠቡ፣ ስትወጡም ታጠቡ። አልጋው ላይ አትቀመጡ።

🚚 ልጃችሁ የሚታከምበት ቦታ ከተዛወረ

ከተማችን እየፈረሰች እየተሰራች ነው፣ ክሊኒክም ሆስፒታልም ቦታ ይቀይራል። ልጃችሁ የሚጥል በሽታ፣ ስኳር፣ አስም፣ የልብ ችግር ካለበትና ክትትል ላይ ከሆነ፦

1️⃣ የካርድ ቁጥሩን፣ የመጨረሻውን የምርመራ ውጤትና የመድሃኒት ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ዛሬውኑ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ።

2️⃣ መድሃኒቱ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ቀደም ብላችሁ አስሞሉ። የሚጥል በሽታ መድሃኒትና ኢንሱሊን በዝውውር ምክንያት አንድ ቀን እንኳን መቋረጥ የለባቸውም።

3️⃣ አዲሱን ቦታ ልጁ ደህና በሆነበት ቀን አንድ ጊዜ ሄዳችሁ እዩት። የድንገተኛ በር የቱ ጋ ነው? ሌሊት ክፍት ነው? በሌሊት ልጅ ታቅፎ በር መፈለግ ከባድ ነው።

4️⃣ በጣም ቅርብ የሆነውን ሌላ የድንገተኛ ህክምና ቦታም እወቁ።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ካያችሁ ግን ካርድ የት ነው፣ ቀጠሮ መቼ ነው ሳትሉ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ሩጡ፦

🔴 ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካልቻለ
🔴 የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ
🔴 ካንቀጠቀጠው
🔴 ከፈዘዘ፣ ለመንቃት ካስቸገረ ወይም ራሱን ከሳተ
🔴 ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ
🔴 ትንፋሹ ከፈጠነ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ሰዓት ይዛችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗል ማለት ነው።

እንግዲህ ውድ ቤተሰቦች፣ ያ የኤዲንብራ ሆስፒታል ዛሬ ስራ ላይ ነው። አይሲዩው ውስጥ የሚተኙት ህፃናት ስለ 4 እና ስለ 10 ምንም አያውቁም፣ ማወቅም የለባቸውም። ተንፍሰው፣ ድነው፣ ወደ ቤት ሲሄዱ በቂ ነው። ሊመረቅ የተቃረበን ህንፃ ማስቆም ለሹም ያሳፍራል። ግን ሃፍረት ያልፋል፣ የልጅ ሳንባ ግን አንዴ ከተጎዳ ላይመለስ ይችላል።

ልጃችሁ የሚታከምበት ቦታ ቢታደስ ወይም ቢዛወር ለማደርያችሁ፣ ለአየሩ፣ ለውሃው ምን ታሰበ ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ሃኪም የሆንነውም የጠየቀንን ወላጅ «አስቸጋሪ» አንበለው። ምናልባት ስህተቷን ቁጥር የሚይዛት እሱ ይሆናል።

ልጅ ላላቸው ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ፃፉልኝ፣ በተቻለኝ እመልሳለሁ።

ጤና ለልጆቻችን! 🙏